ዘንጉን አታንሱ! ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ላይ በፍላይ ዓሣ ማጥመድ

መጀመሪያ ጉዴን ልንገራችሁ። ውሃው ከጉልበቴ በታች ነው። ከፊቴ 15 ሜትር ያህል ላይ አንድ ቦንፊሽ አፍንጫውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ከውሃ በላይ ያወዛውዛል። ወረወርኩ። ፍላዩ፣ ላባ የታሰረበት መንጠቆዬ፣ ጥሩ ቦታ አረፈ። ዓሣው ዞር አለ፣ ተከተለው፣ ጎንበስ አለ፤ ክሩ እጄ ላይ ትንሽ ከበድ አለኝ። እኔም በደስታ ዘንጉን ወደ ሰማይ ብድግ አደረግኩት። ፍላዩ ከአፉ ተስፈንጥሮ ወጣና በጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ፤ ዓሣውም አሸዋውን አደፍርሶ ላሽ አለ። አብሮኝ የነበረው ሰው ምንም አላለም። ምንም አለማለቱ ነው የባሰኝ።

ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ይህን ስሕተት መሥራቱ አይቀርም። እዚያ ዘንግ ማንሳት ትክክል ነው። ባሕር ላይ ግን ያው እጅ ጉድ ይሠራችኋል። ስለዚህ ስለ ዕቃ ትንሽ አወራለሁ፣ ስለ ዓይንና ስለ ግራ እጅ ግን ብዙ።

ለማያውቀው ሰው፦ በተለመደው አጠማመድ ክሩን ወደ ፊት የሚወስደው ጫፉ ላይ የታሰረው ማጥመጃ ወይም እርሳስ ነው። በፍላይ ነገሩ ይገለበጣል። ክብደት ያለው ክሩ ራሱ ነው፤ ወፍራምና በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ፍላዩ ደግሞ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና የሚያብለጨልጭ ክር ተጠቅልሎበት ሽሪምፕ፣ ሸርጣን ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የተሠራ ቀላል ነገር ነው፤ ክሩ ይዞት ይሄዳል። ቦታው «ፍላት» ይባላል። አሸዋ፣ የባሕር ሣር ወይም ኮራል የተነጠፈበት፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ የሚደርስ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ፍሎሪዳ ኪስ የሚባሉት ደሴቶች፣ ባሃማስ፣ ቤሊዝ፣ የሜክሲኮ ዩካታን፣ ኩባ፣ ፓስፊክ ላይ ኪሪቲማቲ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሲሼልስ በዚህ የታወቁ ናቸው።

ማንን ነው የምናጠምደው?

ጀማሪ ከሆናችሁ ቦንፊሽ። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ነው፤ ቁጥሩ ሲሰማ ያስቃል። ሲያዝ ግን 100 ሜትር ክር በአንድ ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል፣ ያኔ ሳቁ ይቆማል። ቆዳው እንደ መስታወት የወለሉን ቀለም ስለሚያንፀባርቅ ዓሣውን ራሱን ማየት ከባድ ነው፤ የምታዩት አሸዋው ላይ የወደቀ ጥላውን ነው። አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ከወለል ላይ ሽሪምፕና ሸርጣን እየለቀመ ጉሮሮው ውስጥ ባለ ጠንካራ ወፍጮ ይፈጨዋል።

ፐርሚት ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጅራቱ ጥቁር ማጭድ ይመስላል። ሸርጣን ይወዳል። ፍላይ አይወድም። ሌላ የምለው የለኝም፤ ገና በመጀመሪያ ጉዟችሁ ፐርሚት ላይ ሙጭጭ ካላችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ታርፐን ሌላ ዓለም ነው። ከ100 ኪሎ በላይ የሚደርስ አለ፤ የአንዱ ቅርፊት የትልቅ ሰው መዳፍ ያህላል። የአየር ከረጢቱ እንደ ሳንባ ስለሚያገለግለው እየመጣ ከውሃ በላይ አየር ይጎርሳል፣ ሲገለበጥ ጀርባው ብልጭ ይላል፤ በዚያ ታውቁታላችሁ። አፉ ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር ያለ አይመስልም፣ አጥንት ነው። መንጠቆ እምብዛም አይገባበትም።

ስኑክ ማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው) ሥር ሥር ተደብቆ ይጠብቃል፤ የስንጥቡ ክዳን ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ቀጭን ክር ይቆርጣል። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ደግሞ ጃያንት ትሬቫሊ አለ፣ በአጭሩ ጂቲ ይሉታል፤ ጉልበተኛ ነው፣ ከያዛችሁት በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ኮራሉ ይሮጣል፤ ክሩን እዚያ ላይ ፈትጎ በጥሶት ይሄዳል።

ዕቃ

ዘንግ በቁጥር ነው የሚለየው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቱ ይጨምራል። ለቦንፊሽ 8 ቁጥር፣ ለፐርሚት 9 ወይም 10፣ ለትልቅ ታርፐን 11 ወይም 12፣ ለጂቲ 12። ርዝመቱ ለሁሉም 2.7 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ብቻ ነው የምገዛው ካላችሁ 8 ግዙ፤ ቦንፊሹንም ትንሹን ታርፐንም ስኑኩንም ይችላል።

ሪሉ ላይ ግን አትቆጥቡ። ወንዝ ላይ ሪል ክር ማስቀመጫ ነው፤ እዚህ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ጨውና አሸዋ እንዳይገባበት የታሸገ ይሁን። ከዋናው ክር ሥር ባኪንግ የሚባለው ቀጭን ጠንካራ ክር ቢያንስ 180 ሜትር ይጠቅለል። «ማን ያንን ያህል ይሮጣል» የሚል ሰው ቦንፊሽ ይዞ አያውቅም።

ክር ስትገዙ ለሞቃት አየር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የቀዝቃዛ አገር ክር ፀሐይ ሲመታው እንደ ተቀቀለ ፓስታ ይልፈሰፈሳል፣ የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይጣበቃል። የሞቃቱን ደግሞ ብርድ ላይ ብትጠቀሙበት እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል። ብዙ ሰው «መወርወር አቃተኝ» ሲል ጥፋቱ የክሩ ነው።

ከክሩ ጫፍ እስከ ፍላዩ ያለው የማይታየው ክፍል ሊደር ነው። ለቦንፊሽ ከ3 ሜትር ያላነሰ ይሁን፣ ጫፉ 10 እስከ 16 ፓውንድ የሚችል። ለታርፐን ከፍላዩ ፊት 60 ወይም 80 ፓውንድ የሆነ አጭር ወፍራም ቁራጭ ይጨመራል፤ ዓሣው በዚያ ሻካራ አፉ ቀጭኑን እየሞረደ እንዳይበጥሰው። ለጂቲ ሊደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ100 ፓውንድ በላይ ይሁን። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ክሩ ይዳከማል። ፍላዩን በቀለበት ቋጠሮ እሰሩት፣ ላላ ብሎ ሲንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ይመስላል።

ፍላይ? ሱቅ ውስጥ የሚታየው ዓይነት ብዛት ያዞራል። ለመጀመሪያ ሦስት አራት ዓይነት ይበቃል። ክሬዚ ቻርሊ የተወለደው ባሃማስ ውስጥ አንድሮስ ደሴት ላይ በ1970ዎቹ ነው፣ ዛሬም ቦንፊሽ ይበላዋል። ክላውዘር የሚባለውን ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ የሠራው ለወንዝ ዓሣ ነበር፣ ባሕር ላይ ግን የማይነክሰው ዓሣ ጥቂት ነው፤ ብልሃቱ ዓይን መስለው የታሰሩት ከባድ ብረቶች መንጠቆውን ስለሚገለብጡት ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ስለሚሄድ ሣርና ድንጋይ አይዝም። ትንሽ ዓሣ የሚመስል ካስፈለገ የአሜሪካዊው አጥማጅ የሌፍቲ ክሬህ ዲሲቨር አለ፤ አሜሪካ በ1991 ፖስታ ቴምብር ላይ አትማዋለች። አንድ የሸርጣን ፍላይ ጨምሩበት።

ሰዎች ስለ ፍላይ ቀለም ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔ ክብደቱን ነው የማየው። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ከሆነ ከባድ ፍላይ ጧ ብሎ ሲወድቅ ዓሣውን ያባርራል፤ ውሃው ጭን ላይ ከሆነ ደግሞ ቀላሉ ወለል ሳይነካ ዓሣው ያልፋል። ስለዚህ አንድኑ ፍላይ በሁለት ሦስት ክብደት ያዙ። ቀለሙ ወለሉን ይምሰል፤ ነጭ አሸዋ ላይ ፈዛዛ፣ ሣር ላይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ። ሽሪምፕም ሸርጣንም የሚኖሩበትን መምሰል ያውቁበታል።

የውሃ ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፖላራይዝድ መነጽር ከዘንጉም ከሪሉም በላይ ነው። ቡናማ ወይም መዳብ ቀለም ያለው ይመረጣል። እሱ ከሌለ ዓይናችሁ ቢከፈትም ያው ነው።

ማየት

ይህ ማጥመድ ሳይሆን አደን ነው። ዓሣውን ሳታዩ አትወረውሩም፤ ዝም ብሎ ውሃ መግረፍ ፍላቱን ባዶ ያደርገዋል።

ፀሐይ ከኋላችሁና ከፍ ያለች ትሁን። የውሃውን ፊት አትመልከቱ፣ አልፋችሁ ወለሉን እዩት። ከዚያ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። አረንጓዴ ሣር መካከል የሚሄድ ጥላ። ነፋስ በሌለበት ውሃው ላይ የሚንቀጠቀጥ ቁራጭ። ብልጭ የሚል ጎን። ከውሃ የወጣ የጅራት ጫፍ። ደፍርሶ እንደ ወተት የሆነ ቦታ፣ ዓሣ ሲቆፍርበት። የማይንቀሳቀሰውን ጥላ እርሱት፣ ድንጋይ ነው። (ለአንድ ድንጋይ አራት ጊዜ ወርውሬ አውቃለሁ፣ ትንሽ የተንቀሳቀሰም መስሎኝ ነበር።) ደመና ሲመጣ ወደ ነጭ አሸዋ ሂዱ፣ እዚያ ትንሽም ብርሃን ቢሆን ይበቃል።

ጀልባ ላይ ከሆናችሁ አስጎብኚው ከኋላ ከፍ ብሎ ቆሞ በረጅም ምሰሶ ጀልባውን እየገፋ ያያል። አቅጣጫ የሚነግራችሁ በሰዓት ነው፤ የጀልባው አፍንጫ የግድግዳ ሰዓት ላይ 12 የተጻፈበት ቦታ ነው፣ ቀኛችሁ 3፣ ግራችሁ 9። «10 ላይ፣ 15 ሜትር» ሲላችሁ አንገታችሁን ብቻ አታዙሩ። ዘንጉን ወደዚያ አመልክቱ። «ትንሽ ግራ፣ ትንሽ፣ እዚያው!» ይላችኋል። ካላያችሁት «አላየሁትም» በሉ፣ በይሉኝታ ያያችሁ መስላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ።

ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ጊዜ ሳታውቁ አትውጡ። ውሃው ሲሞላ ቦንፊሽ ደረቅ ወደነበረው ሜዳ ለመብላት ይወጣል፤ ሸርጣኑ እዚያ ነው። ሲጎድል በዚያው በጠባብ ጎድጓዳ መስመሮች እየወረደ ወደ ጥልቁ ይመለሳል፣ ያኔ መውጫው አፍ ላይ ቆማችሁ ጠብቁት። በብዙ ቦታ ከሙላት እስከ ጉድለት ከ6 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል። ውሃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምሳችሁን ብሉ።

መወርወር

30 ሜትር የሚወረውር ሰው አይቼ አልቀናም። አብዛኛው ዓሣ የሚገኘው ከ12 እስከ 20 ሜትር ውስጥ ነው፣ ነፋስ ግን ሁልጊዜ አለ፣ ጊዜውም አሥር ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ ልምምዱ ሣር ላይ ይጀመር። ሳህን 15 ሜትር ላይ አስቀምጡ። ነፋስ ወደ ፊታችሁ፣ ከዚያ ወደ ቀኛችሁ፣ ከዚያ ወደ ጀርባችሁ እያደረጋችሁ በሁለት ወይም በሦስት ውዝወዛ ብቻ ሳህኑ ላይ አሳርፉ። ዘንጉ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲሄድ በግራ እጅ ክሩን ፈጠን አድርጎ መሳብ ደብል ሆል ይባላል፤ ነፋስን የሚበሳው እሱ ነው። ሳትችሉት ከሄዳችሁ ወጪያችሁ ያሳዝናል።

ባሕሩ ላይ ስትቆሙ ፍላዩን በግራ እጃችሁ ጣቶች መካከል ያዙ፣ ሊደሩና ጥቂት ሜትር ክር ከዘንጉ ጫፍ ወጥቶ ይንጠልጠል፣ የቀረው ከእግራችሁ ሥር በሥርዓት ተዘርግቶ ይቀመጥ። እግራችሁ እንዳይረግጠው። ጠዋት ክሩን ሁሉ አውጥታችሁ በእጃችሁ ወጥሩት፣ ጥቅልሉን ይተዋል። ዓሣ ሲታይ ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት በቁም ይታያል፤ ክሩ አንገት ላይ፣ ቁልፍ ላይ፣ ጫማ ላይ ይጠመጠማል።

የት ላሳርፈው? ለሚሄድ ቦንፊሽ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀድማችሁ፤ ጅራቱን ሰቅሎ ለሚቆፍረው ቀረብ አድርጋችሁ፣ እሱ ጭንቅላቱ አሸዋ ውስጥ ስለሆነ አርቆ አያይም። ለታርፐን በሚሄድበት መስመር ፊት። አንድ ነገር ግን በፍጹም አትርሱ፦ ፍላዩ ከዓሣው እየሸሸ መሄድ አለበት። ወደ ዓሣው የሚመጣ ፍላይ ያስደነግጠዋል። የሚታደን ትንሽ ፍጥረት አዳኙን አያጠቃማ።

ግራ እጅ

አሁን ጉዳዩ ላይ ደረስን።

ፍላዩ ሲወርድ ጠብቁት። የዘንጉን ጫፍ ውሃው ውስጥ ሊነክር እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ ቀጥታ ወደ ፍላዩ አመልክቱ። ክሩን በቀኝ እጅ ጣት ሥር አሳልፋችሁ በግራ እጅ አጭር አጭር ሳቡ። ፍላዩን ሳይሆን ዓሣውን እዩት፤ የሚሆነውን ሁሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከተከተለ የምታደርጉትን አትለውጡ። ካመነታ አንድ ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ሳቡና አቁሙ። አፍንጫው ወደ ታች ዘንበል፣ ጅራቱ ወደ ላይ ሲል በልቶታል።

ያኔ ዘንጉ አይነሳም። ግራ እጃችሁን ብቻ ረዘም አድርጋችሁ፣ ጠንከር ግን ሳትመነጭቁ ወደ ኋላ ሳቡ፣ ክብደቱ እስኪሰማችሁ ድረስ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘንግ ስታነሱ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ጉልበታችሁን ራሱ ይበላዋል፣ አጥንት ለሆነ አፍ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የባሰው ደግሞ ዓሣው ፍላዩን ገና በቅጡ ካልያዘው፣ ያነሳችሁት ዘንግ ፍላዩን ከወለሉ ነጥቆ ሜትሮች ርቆ ይወስደዋል። በእጅ ብትስቡት ግን ብትስቱም ፍላዩ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሸሸው፤ ለዓሣው የምታመልጥ ሽሪምፕ ናት፣ ደግሞ ይመጣል። ለታርፐን እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ሳቡ።

ይህን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የክሩን ጫፍ እንዲይዝ አድርጋችሁ ተለማመዱት። ሳትጠብቁት ይጎትተው። መቶ ጊዜ። እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ መማር አለበት።

ከተያዘ በኋላ

ዓሣው መሮጥ ሲጀምር ሁሉም ሰው ዓሣውን ያያል። እናንተ ክሩን እዩት። እግር ሥር ያለው ክር እየተወነጨፈ ስለሚወጣ ግራ እጃችሁን ከሪሉ አርቃችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀለበት ሠርታችሁ በዚያ ውስጥ ያልፍ። ክሩ ሁሉ ወጥቶ ከሪሉ ጋር ሲገናኝ፣ አሁን ቦንፊሽ ከሆነ ዘንጉን ከፍ አድርጉት፣ ክሩ ኮራልና የማንግሮቭ ችግኝ እንዳይነካ። ሲሮጥ ተዉት። የሪሉን እጀታ አትንኩ፣ ጣት ይመታል። ሲቆም ጠቅልሉ።

ታርፐን ሲዘል ወደ እሱ ጎንበስ በሉ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ገፍታችሁ ክሩን አላሉለት። 50 ኪሎ የሚመዝን ነገር አየር ላይ ተገለባብጦ በተወጠረ ክር ላይ ሲወድቅ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም መንጠቆው ይወጣል። ሲወርድ እንደገና ወጥሩ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ዝቅና ወደ ጎን ይዛችሁ ከሚሄድበት በተቃራኒ ጎትቱ፤ ወደ ላይ መጎተት ለፎቶ ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም።

ሻርክ ከመጣ ፍሬኑን አላሉና ዓሣው በነፃነት ይሩጥ፣ ወይም ክሩን በጥሱት።

ለመልቀቅ ስትሉ የመንጠቆውን እሾህ አስቀድማችሁ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ አወጣጡ ይቀላል። እጃችሁን አርጥቡ፣ ደረቅ እጅ ዓሣውን የሚጠብቀውን ልባጭ ይልጠዋል። ከውሃ አታውጡት። ፎቶ የግድ ከሆነ ከ10 ሰከንድ አይለፍ፣ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ስትጨነቁ እሱም ተጨንቋል። ሕጉን ጠይቁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ትንሽ በላይ የሆነ ታርፐን ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው፤ ቤሊዝ ከ2009 ጀምሮ ቦንፊሽ፣ ፐርሚትና ታርፐን ተይዘው እንዲለቀቁ ደንግጋለች። ዓሣው ቀጥ ብሎ መቆም እስኪችል በእጃችሁ ደግፉት፤ የደከመ ቦንፊሽ ባራኩዳ (አዳኝ ዓሣ ነው) አጠገብ ከለቀቃችሁ ምሳ አቀረባችሁ ማለት ነው።

ስትራመዱ እግር አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሸዋ ውስጥ የተኛ ስቲንግሬይ (ጠፍጣፋ ዓሣ ነው) ካልረገጣችሁት ይሸሻል፣ ከረገጣችሁት በጅራቱ መርዛም እሾህ ይወጋል። ወፍራም ጫማ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስቀምጡ፣ የተሠራበት ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ርቃችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ውሃው እየሞላ መንገዳችሁን እንዳይዘጋው ወደ ኋላችሁ እያያችሁ።

ማታ ሁሉንም በንጹሕ ውሃ በቀስታ እጠቡ። በኃይል የሚረጭ ቧንቧ ጨውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። የረጠበ ፍላይ ወደ ሳጥኑ አትመልሱ፣ አንዱ ሲዝግ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። የሪሉን ፍሬን አላሉት። ዘንጉን አድርቃችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ አሁን ማንሳት ይቻላል።